በሦስት የሚሄድ ሞተር፦ አራተኛውን ካንዴላ ከመግዛታችሁ በፊት

መኪናዬ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራች ኮሮላ ናት። ከእኔ በፊት ስንት ሰው እንደነዳት እግዜር ይወቅ። ባለፈው ክረምት ጠዋት ጠዋት መንቀጥቀጥ ጀመረች። መሪው እጄ ላይ ይርዳል፣ ከማርሚታው የሚወጣው ድምፅ ይቆራረጣል፣ ማርሽ አስገብቼ ስነሳ ትንገጫገጫለች። ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ምንም እንዳልነበረባት ትሆናለች።

ካንዴላ ቀየርኩ፤ ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ ነው። ሁለት ሳምንት ተሻላት፣ ከዚያ ተመለሰባት። እንደገና ቀየርኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ እዚህ ጅማ መርካቶ ያለው ባለሱቅ ራሱ ሳቀብኝ።

መጨረሻ ላይ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ኮፈኑን አልከፈቱም። "ልጄ፣ መቼ መቼ ነው የሚያደርጋት? ጠዋት ነው? ዳገት ላይ ነው? ሲዘንብ ነው ወይስ ሁልጊዜ?" አሉኝ። እኔ ይህን አስቤበት አላውቅም ነበር። "እሱን ሳታውቅ ዕቃ አትግዛ" ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ለዩ

አራት ሲሊንደር ካለው ሞተር አንዱ ሥራ ሲያቆም ሞተሩ "በሦስት ሄደ" ይባላል። የትኛው እንደቆመ ሳይታወቅ የሚገዛ ዕቃ ቁማር ነው።

እሳቱ ለካንዴላው በገመድ የሚደርስበት መኪና ከሆነ እንዲህ ይሞከራል። ሞተሩን አጥፉ። የአንዱን ካንዴላ ገመድ ንቀሉና ጫፉ ላይ አሮጌ ካንዴላ ሰኩ። የዚያን ካንዴላ ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር በደንብ አስራችሁ አገናኙ፤ በአየር ላይ ከተንጠለጠለ ኮይሉ (ለካንዴላው ኃይል የሚያመነጨው ዕቃ) ሊቃጠል ይችላል። ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ቦታ አለመኖሩንም እዩ። አሁን አስነሱና አዳምጡ። መንቀጥቀጡ ከባሰ ያ ሲሊንደር ጤነኛ ነበር። ምንም ለውጥ ከሌለ አገኛችሁት። በዚያው እሳት መምጣቱንም በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ሰማያዊና ጠንካራ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ቀጭንና ቢጫ ከሆነ ደካማ ነው። እየሠራ እያለ በባዶ እጅ ገመድ የሚነቅል ሰው ካያችሁ ራቁ፤ እኔ አንዴ ሞክሬ ክንዴ እስከ ትከሻዬ ደንዝዟል።

ቪትዝና መሰል መኪኖች ገመድ የላቸውም፤ በየካንዴላው ላይ የራሱ ኮይል ተቀምጧል። እነሱ ላይ ሥራው ይቀላል። የተጠረጠረውን ኮይል ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩ። ችግሩ ኮይሉን ተከትሎ ከሄደ ጥፋተኛው እሱ ነው። ኮምፒውተር ማንበቢያ የሚቀበል መኪና ካላችሁ ፒ0301 አንደኛውን ሲሊንደር፣ ፒ0304 አራተኛውን ይነግራችኋል። ፒ0300 ከሆነ በአንድ ቦታ አልተወሰነም ማለት ነው። የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ፍጥነት ቀንሱና ቁሙ፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን የጭስ ማጣሪያውን እያቃጠለው ነው።

ጠዋትና ዝናብ ሲሆን ብቻ

ጅማ ላይ በጣም የሚያጋጥመው ይሄ ነው። እዚህ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ስለሚቆይ ያረጀ ገመድ መደበቂያ የለውም። በገመዱ ውስጥ የሚሄደው ኃይል በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። ላስቲኩ ከተሰነጠቀና እርጥበት ካገኘ ኃይሉ ካንዴላው ጋ ሳይደርስ በአቅራቢያው ወዳለው ብረት ይዘላል። ሲደርቅ ይተዋል።

ማታ ጨለማ ቦታ አቁማችሁ ኮፈኑን ክፈቱ። ሞተሩን አስነሱ። በአበባ ውኃ መርጫ ገመዶቹ ላይ ስስ አድርጋችሁ ርጩ። እጃችሁን አታስጠጉ። የተበላሸው ገመድ ላይ ትንንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ሲሯሯጥ ታያላችሁ። ቴስተር ያለው ሰው ደግሞ ገመዱን ነቅሎ ይለካ፤ በቆዩ ቶዮታዎች የአንዱ ገመድ ጣሪያ 25 ኪሎ ኦም ነው። ከዚያ ካለፈ ይቀየር፤ ሲቀየርም አራቱም አንድ ላይ። የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን) ክዳንም አውጥታችሁ ውስጡን በባትሪ እዩ። የፀጉር ያህል ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ ተሰንጥቋል። ነጭ አረንጓዴ ዝገት ብቻ ከሆነ ግን ተጠርጎ ይሠራል።

የእኔ መኪና ገመድ ደህና ነበር። ክዳኑም ደህና። አዛውንቱ የሦስተኛውን ሲሊንደር ካንዴላ ሲያወጡ የገመዱ ላስቲክ ጫፍ ዘይት ጠጥቶ አብጧል። ጉድጓዱን በባትሪ አበሩልኝ። ታችኛው ክፍል ላይ የሞተር ዘይት ተኝቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነዚህ ሞተሮች ላይ ካንዴላዎቹ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። ጉድጓዶቹን ከላይኛው ክዳን ጋር የሚያያይዝ ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ) አለ። ጎሚኒው በሙቀት ብዛት ሲደርቅ ዘይት ወደ ጉድጓዱ ይገባል፤ ዘይቱ የገመዱን ላስቲክ ያበላሸዋል፣ እርጥበት ሲጨመርበት እሳቱ በጎን ያመልጣል። አዲስ ካንዴላ ሳስገባ ጉድጓዱ ስለሚጠረግ ይሻላታል። ዘይቱ ሲመለስ ሕመሙም ይመለሳል። ካንዴላው አንድም ቀን ጥፋተኛ አልነበረም።

መፍትሔው የላይኛውን ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እና የአራቱን ጉድጓዶች ጎሚኒ መቀየር፣ ጉድጓዱን ማድረቅ፣ ዘይት የጠጣውን ገመድ መጣል ነው። ጅማ ካጣችሁት ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በአውቶብስ ማስላክ ይቻላል። በሲሊኮን ለጥፈን እንልቀቅ የሚል መካኒክ ካለ እምቢ በሉ፤ የተረፈው ሲሊኮን ተቆርሶ የዘይት መንገድ ይዘጋል።

ካንዴላ ስታወጡ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። መጀመሪያ ጉድጓዱን በአየር ንፉት፤ አለበለዚያ አሸዋው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ስትመልሱ በእጅ አሽከርክራችሁ አስጀምሩት። ገመዶቹንም ቁጥር ጻፉባቸው። የብዙ ኮሮላዎች ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው፤ ቁጥር አንድ በቺንጋው በኩል ያለው ነው። አንድ ጋራዥ ሁለቱን አቀያይሮብኝ ቀኑን ሙሉ "ሞተሩ አልቋል" ሲለኝ ዋለ።

ዳገት ላይ ብቻ

ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው የጂረን ዳገት ከማንኛውም ማሽን በላይ ይመረምራል። ሜዳ ላይ ደህና ሆና እዚያ ስትወጣ ካቋረጠች ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንደኛው እሳት ነው፤ ጭነት ሲበዛ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር ደካማ ኮይል ወይም በጣም የሰፋ የካንዴላ ክፍተት ያኔ ይጋለጣል። በብዙ የዚያ ዘመን ኮሮላዎች ክፍተቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው ነዳጅ ነው፤ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም የደከመ ፓምፕ ሜዳ ላይ ይበቃል፣ ዳገት ላይ አይበቃም። ፊልትሮው መቼ እንደተቀየረ የማታውቁ ከሆነ ከእሱ ጀምሩ፤ ርካሽ ነው።

ቆማ ስትሠራ ብቻ

ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆማ ስትሠራ) ተንቀጥቅጣ ነዳጅ ስትሰጧት የምትረጋ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አየር መግባት በሌለበት ቦታ መግባቱ ነው። ቀጫጭን የላስቲክ ቱቦዎችን አንድ በአንድ በፒንሳ ቆንጠጥ አድርጉ። አንዱን ስትይዙ ከረጋች እሱ ነው።

ነዳጅ ከተሞላ በኋላ

ሰልፍ ሰልችቶን በጀሪካን የገዛን ቀን ሁላችንም አለን። ከታንኩ ትንሽ ቤንዚን በነጭ ጠርሙስ ቅዱና አቦሉ ተጠጥቶ እስኪያልቅ አስቀምጡት። ውኃ ካለበት ከታች ለብቻው ይተኛል። ነጭ ጋዝ መቀላቀሉን ለማወቅ ወረቀት ላይ አንጠባጥቡ፤ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ ጋዝ ያለበት ቅባት ትቶ ይቀራል። መፍትሔው ታንኩን ማራገፍ ነው፤ ሌላ አቋራጭ የለውም።

ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም፣ ሁልጊዜ

እሳቱም ነዳጁም ደህና ሆኖ አንዱ ሲሊንደር ካልሠራ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ ሲጨምቅ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት) ይለካ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ መመሪያው ላይ ካለው ቁጥር አራቱም ያነሱ ይሆናሉ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ወደ አንድ አምስተኛ በሚጠጋ ስለሚሳሳ ቁጥሩም አብሮ ይወርዳል። ልዩነታቸውን እዩ። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ በጣም ከወረደ እሱ ውስጥ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩና ድገሙት። ቁጥሩ ከወጣ የፒስተን ቀለበት ነው። ካልወጣ ቫልቭ ነው፤ ምናልባት ክፍተቱን ማስተካከል ብቻ ሊበቃው ይችላል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱና ውኃ እየቀነሰ ከሆነ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ነው። ከጊቤ በረሃ ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ያፈላበት ሰው ይህንን መጀመሪያ ይጠርጥር።

የእኔዋ ጎሚኒው ከተቀየረላት ወዲህ ክረምቱን ጨርሳለች። ያወጣኋቸው ካንዴላዎች ሁሉም ጤነኛ ነበሩ። ጠርጌ፣ ክፍተታቸውን ለክቼ መኪናው ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ለሙከራ የምሰካው አሮጌ ካንዴላ አላጣም።