ቅርጹን የማይለቅ የቤተሰብ የገና ብስኩት

ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ የገና ብስኩት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በቅመሙ ሳይሆን በልኬቱ ነው። ወረቀቱ ላይ «ሦስት ኩባያ ዱቄት» ይላል፤ በምን ዓይነት ኩባያ፣ እንዴት ተሞልቶ እንደሆነ ግን አይናገርም። በማንኪያ ቀስ ተብሎ የተሞላ ኩባያ 120 ግራም ገደማ ዱቄት ሲይዝ፣ ያው ኩባያ ከከረጢቱ ተጨልፎ ከተጠቀጠቀ 150 ግራም ይደርሳል። በሦስት ኩባያ ልዩነቱ 90 ግራም ነው። በዚህ የተነሳ አንዱ ሊጥ ትሪው ላይ ሲፈስ ሌላው ሲዳመጥ ይሰነጣጠቃል። አሠራሩን የሚያውቀው ሰው በለመደው ኩባያ ሲሰፍር እያንዳንዱን ሚዛን ላይ አስቀምጡና በግራም ጻፉት። ይህ አንዴ ከተሠራ በኋላ ብስኩቱን ማንም ሊደግመው ይችላል።

በቅርጽ ማውጫ ለሚቆረጥ የቅቤ ብስኩት የሚከተለው ልክ ይሠራል፤ ከ30 እስከ 40 ብስኩት ይወጣዋል።

ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ 225 ግራም
ስኳር 200 ግራም
ትልቅ እንቁላል 1
ቫኒላ 2 የሻይ ማንኪያ
የፉርኖ ዱቄት 400 ግራም
ቤኪንግ ፓውደር ግማሽ የሻይ ማንኪያ
ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ

ቅቤው ጨው ካለበት ጨዉን ተዉት። ቀረፋ የምትወዱ ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ከዱቄቱ ጋር ቀላቅሉ።

ከሁሉ በላይ የሚወስነው የቅቤው ሁኔታ ነው። በጣት ሲጫኑት መጎድጎድ አለበት፤ ጣት ላይ ወዝ ከተወ ግን ለስልሶ አልፏል። የቀለጠ ቅቤ ሊጡን ያላላዋል፣ ብስኩቱም ኦቨን ውስጥ ይዘረጋል። እንቁላሉም ከፍሪጅ ወጥቶ ቅዝቃዜው የለቀቀው ይሁን። ቅቤውንና ስኳሩን ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ምቱ። ለኬክ እንደሚደረገው እስኪነጣና እስኪኮፍ መምታት እዚህ ጉዳት ነው፦ የገባው አየር ብስኩቱን ያስነሳውና መልሶ ያረግበዋል፣ በኮከብ ቅርጽ የተቆረጠውም ጫፉ ይደፈናል። ከዚያ እንቁላሉንና ቫኒላውን ጨምሩ። በመጨረሻ ዱቄቱን ከቤኪንግ ፓውደሩና ከጨዉ ጋር ነፍታችሁ አስገቡ፤ ነጭ ዱቄት መታየቱን እንዳቆመ ማሸቱን አቁሙ። ከዚያ በላይ የታሸ ሊጥ እየጠነከረ ይሄዳል፣ ሲጋገርም ይሸበሸባል።

ብዙዎች ሊጡን አድቦልቡለው ፍሪጅ ይከቱትና ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ሊጥ ጋር ይታገላሉ። እንደተቦካ፣ ገና ለስላሳ ሳለ፣ ለሁለት ከፍላችሁ በሁለት የመጋገሪያ ወረቀት መካከል በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ዳምጡትና ከነወረቀቱ ፍሪጅ ውስጥ ለአንድ ሰዓት አስተኙት። በወረቀት መካከል ሲዳመጥ ዱቄት መነስነስ አያስፈልገውም፤ ብስኩቱን ከሚያደርቁት ነገሮች አንዱ ይኸው የሚነሰነሰው ዱቄት ነው። ውፍረቱ እኩል መሆኑን በመዳመጫው ግራና ቀኝ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት እንጨቶች በማስቀመጥ ማረጋገጥ ይቻላል።

ኦቨኑን 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቁት። ቀዝቅዞ የጠነከረውን ሊጥ ቆርጣችሁ ወረቀት በተነጠፈበት ትሪ ላይ በ3 ሴንቲ ሜትር ርቀት ደርድሩ። ትንሹን ከትንሽ፣ ትልቁን ከትልቅ ጋር አድርጉ፤ ከተቀላቀሉ ትልቁ ሳይበስል ትንሹ ያራል። ትሪውን ለ15 ደቂቃ ወደ ፍሪጅ መልሱት። ይህን መዝለል ያጓጓል፤ ነገር ግን ቅርጹ የሚድነው በዚህ ነው፤ የቀዘቀዘው ቅቤ ከመቅለጡ በፊት ጠርዙ ይይዛል። ቁርጥራጩን አንድ ጊዜ ሰብስባችሁ እንደገና ዳምጡት፤ ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ጠንካራ ይሆናልና ለቅምሻ ይሁን።

በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ ከ9 እስከ 11 ደቂቃ ይበስላል። ጠርዙ በትንሹ ወርቃማ ሲሆን አውጡት። መሃሉ የነጣና ያልጠነከረ ይመስላል፤ ትሪው ላይ በሚቆይባቸው 5 ደቂቃዎች ይጠነክራል። መሃሉ እስኪጠይም የጠበቀ ሰው ቀዝቅዞ ሲበላው ደርቆ ያገኘዋል። ሁለተኛውን ዙር በጋለ ትሪ ላይ አትደርድሩ፤ ኦቨን ሳይገባ ቅቤው መቅለጥ ይጀምራል።

የመጀመሪያውን ዙር በሁለት ብስኩት ብቻ ሞክሩት። ተዘርግተው ከወጡ ለቀሪው ሊጥ ተጨማሪ የፍሪጅ ጊዜ ስጡት፤ ያም ካልረዳው 20 ግራም ዱቄት ጎድሎታል ማለት ነው። በአንድ ጎን ብቻ ከጠቆሩ ኦቨኑ ሙቀቱን እኩል አያዳርስም፤ በጊዜው አጋማሽ ትሪውን አዙሩት።

ለማስጌጫ 200 ግራም የዱቄት ስኳር በ2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ በጥብጡ። ከማንኪያ ላይ ሲንጠባጠብ አሻራው ለ10 ሰከንድ ያህል ከታየ ልኩ ነው፤ ከቀጠነ ስኳር፣ ከወፈረ ጠብታ ውኃ ይጨመርበታል። ብስኩቱ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ከተቀባ ስኳሩ ቀልጦ ይወርዳል። ከተቀባ በኋላ ሳይሸፈን ሌሊቱን ይደር፤ ከዚያ በየንጣፉ መካከል ወረቀት እያደረጋችሁ በደንብ በሚከደን ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡት። ለአንድ ሳምንት በደህና ይቆያል። ያልተጋገረው ሊጥ ደግሞ ከነወረቀቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ 2 ወር ይቀመጣል።