የካርቦፕላቲንን መጠን በትክክል ማስላትና መስጠት

ሲስፕላቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ኩላሊትንና መስማትን ክፉኛ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ የተፈቀደው ካርቦፕላቲንም እንደ እሱ ፕላቲኒየም ያለበት የካንሰር መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን የሲስፕላቲን ሁለቱ ክሎራይዶች ቀስ ብሎ በሚላቀቅ ክፍል ስለተተኩ ኩላሊትን ብዙም አይነካም። ጉዳቱ ወደ መቅኔ ዞሯል፣ በተለይ ደም ወደሚያረጋው ሴል፣ ወደ ፕላትሌት። መድኃኒቱ በብዛት የሚወጣው በሽንት ስለሆነም መጠኑን የሚወስነው የኩላሊት የማጣራት አቅም ነው።

መጀመሪያ አቅሙን ያስሉ፦ ዕድሜን ከ140 ቀንሰው በኪሎ ያባዙ፣ ውጤቱን በ72 እና በክሬአቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው የጡንቻ ቆሻሻ፣ በሚ.ግ. በዴሲሊትር) ብዜት ያካፍሉ፤ ለሴት በ0.85 ያባዙ። ከዚያ 25 ጨምረው በታለመው ኤዩሲ (ሰውነት በጊዜ ሂደት የሚያገኘው ጠቅላላ የመድኃኒት መጋለጥ) ያባዙ። የ50 ዓመት፣ 60 ኪሎ የምትመዝን፣ ክሬአቲኒኗ 0.8 የሆነ ታካሚ አቅሟ 80 ሚ.ሊ. በደቂቃ ገደማ ነው። ኤዩሲ 5 ከታዘዘ 5 × (80 + 25) = 525 ሚ.ግ. ይሆናል።

ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። በዕድሜና በክብደት ከእሷ እኩል የሆነች፣ ጡንቻዋ ግን የከሳ ታካሚ ክሬአቲኒኗ 0.4 ቢሆን ኩላሊቷ የበረታ ይመስላል፤ ስሌቱ 159 ይሰጥና መጠኑ ወደ 920 ሚ.ግ. ይንራል። ስለዚህ አቅሙን ከ125 አያሳልፉ፤ ለኤዩሲ 5 ጣሪያው 750 ሚ.ግ. ነው። ብዙ ማዕከላት ከ0.7 በታች የሆነ ክሬአቲኒንንም 0.7 አድርገው ያሰላሉ፤ ለከሳ ታካሚ እኛም ይህንን እንመርጣለን። ክሬአቲኒኑ የቆየ ከሆነ አይጠቀሙበት፣ በተለይ ታካሚው ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው።

በአንድ ማይክሮሊትር ደም ፕላትሌት ከ100,000፣ ኒውትሮፊል (ኢንፌክሽን የሚከላከል ነጭ የደም ሴል) ከ1,500 በታች ከሆነ ሐኪሙን ሳያማክሩ አይጀምሩ። መድኃኒቱን በ5% ግሉኮስ በጥብጠው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ያንጠባጥቡ። አሉሚኒየም ያለበት መርፌ ወይም ዕቃ አይንካው፤ ጥቁር ዝቃጭ ይፈጠራል፣ ኃይሉም ይቀንሳል። ፓክሊታክሰል የተባለው ሌላ የካንሰር መድኃኒት አብሮ ከታዘዘ እሱ ይቅደም።

አለርጂ የሚበረታው በመጀመሪያው ዙር ሳይሆን ከስድስተኛው በኋላ ነው። ቀድሞ ደህና የወሰደን ታካሚም በቅርብ ይከታተሉ፤ መዳፍ ማሳከክና የፊት መቅላት ካዩ ወዲያው ያቁሙ፣ አድሬናሊን አጠገብዎ ይኑር።

የዘር ፍሬ ካንሰር ላይ ግን ሲስፕላቲንን በካርቦፕላቲን አይተኩ፤ የመዳን ዕድሉን ይቀንሳል።