ክሪብ ዓሣን ቤት ውስጥ ማራባት፦ ከተሰበረ ጀበና እስከ ጫጩት

አንገቱ የተሰበረ ጀበና አትጣሉ። እኔ ቤት ከአንድ ጀበና ሆድ ውስጥ እስካሁን አራት ዙር የዓሣ ጫጩት ወጥቷል።

ዓሣዎቹ ክሪበንሲስ ይባላሉ፤ ባጭሩ ክሪብ። ሲክሊድ ከሚባለው የዓሣ ቤተሰብ ከትንንሾቹ፣ ከድንክ ሲክሊዶች ወገን ናቸው። ወንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ሴቷ ከዚያ ታንሳለች። አገራቸው ደቡብ ናይጄሪያና ካሜሩን ነው። ስማቸውም የመጣው ክሪቢ ከምትባል የካሜሩን የወደብ ከተማ ነው። ማራባት ለሚጀምር ሰው ከድንክ ሲክሊዶች ሁሉ እነዚህን እመርጥለታለሁ። ውሃ አያማርጡም፤ ልጆቻቸውንም እናትና አባት ሆነው ያሳድጋሉ። ከእኛ የሚፈልጉት የማይለዋወጥ ቤት ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይህን የሚፈትነው ሌሊቱ ነው፤ ብርዱ እና የመብራት መሄድ።

የኔ አኳሪየም 60 በ35 በ40 ሴንቲ ሜትር ነው፣ 75 ሊትር አካባቢ ውሃ አለው። ለአንድ ጥንድ ይበቃል፣ ሌላ ዓሣ አልጨምርበትም። ከታች ደቃቅ አሸዋ አድርጉ፤ መቆፈር ይወዳሉ። ፊልተሩ የስፖንጅ ይሁን፤ ሌላው ዓይነት ጫጩቶቹን ስቦ ያስገባቸዋል። ሂተሩን 26 ዲግሪ ላይ አድርጉት። የአየር ፓምፑን ማታም ቢሆን አታጥፉ። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ካለ ከተማ ውሃ በሩብ ያህል ያንሳል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው፣ በፈረቃችን ቀን በርሜል ሞልቼ ክዳኑን ከፍቼ ሁለት ቀን አሳድረዋለሁ።

አሁን ወደ ጀበናው። ከቀጨኔ የገዛሁት አዲስ ጀበና ነበር፤ ታክሲ ውስጥ አንገቱ ተሰበረ። ቡና አልፈላበትም፣ ሳሙናም አልነካውም። በብሩሽ አሽቼ፣ ግማሽ ሰዓት ቀቅዬ፣ በጎኑ አስተኝቼ እስከ ወገቡ አሸዋ ውስጥ ቀበርኩት። የተሰበረው አፉ ወንዱ ተጣቦ የሚያልፍበት ያህል ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሩ ሰፊ ከሆነ አይወዱትም፤ እናቲቱ ብቻዋን ልትዘጋው የምትችለው በር ይፈልጋሉ። ጀበና ከሌላችሁ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ወይም የኮኮናት ቅርፊትም ይሆናል።

ጥንዱን በተመለከተ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ገዝቶ አንድ ላይ መክተት ሁሌም አይሠራም። ካልተዋደዱ እስከ ሞት ይደባደባሉ። እኔ ስድስት ትንንሾች ገዝቼ አብረው አደጉ፤ ሁለቱ ራሳቸው ተመራረጡ፣ የቀሩትን ለጓደኛ ሰጠሁ። ሴቷን መለየት ቀላል ነው። አጠር፣ ክብ ያለች ናት፤ ሆዷ ቀይ ሥር የነካው ይመስላል። ለሁለት ሳምንት ጥሩ አብሏቸው። በክረምት ከግቢ የምቆፍረውን የምድር ትል አጥቤ፣ በምላጭ አድቅቄ እሰጣቸዋለሁ። ከደረቅ ምግብ ጋር አይወዳደርም።

የምትጀምረው እሷ ናት። ወንዱ ፊት መጥታ ሰውነቷን እንደ ማጭድ ታጎብጥና ያንን ቀይ ሆዷን እያሳየች ትንቀጠቀጣለች። ከዚያ ጀበናው ውስጥ ገብታ አሸዋውን በአፏ እየጎረሰች ውጭ ትተፋለች። አንድ ቀን ጠፍታ ወንዱ ብቻውን በሩ ላይ ቆሞ ካያችሁት እንቁላል አለ ማለት ነው። እንቁላሉን የምትለጥፈው የጀበናው ጣሪያ ላይ ነው።

እዚህ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። በመጀመሪያው ዙር አላስችል ብሎኝ ማታ በስልክ መብራት በበሩ አጮለቅሁ፣ ጀበናውንም ትንሽ አነሳሁት። ጠዋት አንድ እንቁላል አልነበረም፤ በልተውታል። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ዙር ላይ ደግሞ መብራት ከማታ እስከ ንጋት ሄደ። ውሃው ወደ 19 ዲግሪ ወርዶ እንቁላሉ ነጭ ሻጋታ ይዞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዝግጁ ነኝ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ገዝቻለሁ። መብራት ሲሄድ አኳሪየሙን ዙሪያውን በእናቴ አሮጌ ጋቢ እጠቀልላለሁ፤ ከላይ ለአየር ትንሽ ክፍት እተዋለሁ። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ ክዳኑን አጥብቄ አንሳፍፋለሁ፤ ሲበርድ እቀይረዋለሁ። ሙቅ ውሃ በቀጥታ አታፍስሱ። እናቴ ጋቢውን ራሷ ነው የምታቀብለኝ። ሦስተኛውን ዙር ያዳነው እሱ ነው።

ሙቀቱ ከተጠበቀ እንቁላሉ በሦስት ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ግን ገና አይዋኙም፤ እንቁላሉ በተጣለ በሳምንቱ ገደማ ነው እናቲቱ ይዛቸው የምትወጣው። አሸዋው ላይ የሚንቀሳቀስ አቧራ ይመስላሉ። ክንፏን ቶሎ ቶሎ ስታርገበግብ ሁሉም እኩል መሬት ላይ ይለጠፋሉ። ሲመሽ ደግሞ አባትና እናት እየዞሩ የዘገዩትን በአፋቸው ለቅመው ጀበናው ውስጥ ይተፏቸዋል። ለዚህ ብዬ የክፍሉን መብራት ቀስ በቀስ ነው የማጠፋው፤ ድንገት ከጨለመ መሰብሰቢያ ጊዜ ያጣሉ።

የጫጩቶቹ ምግብ የአርቴሚያ፣ ማለትም የደቃቅ የጨው ውሃ ሽሪምፕ፣ እጭ ቢሆን ጥሩ ነው። የአርቴሚያውን እንቁላል ሊትር ውሃ ላይ 25 ግራም ያህል ጨው በጥብጣችሁ፣ አየር እየነፋችሁ፣ በሙቀት ታስቀምጡታላችሁ፤ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ይፈለፈላል። እዚህ እንደልብ ስለማይገኝ እኔ ማይክሮ ዎርም የሚባለውን ደቃቅ ትል በአጃ ገንፎ አረባለሁ። ትሎቹ የዕቃውን ግድግዳ ሲወጡ በጣቴ ጠርጌ ውሃው ውስጥ አለቀልቀዋለሁ። የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ስጡ የሚሉ አሉ። እኔ አልመክርም፤ ውሃውን በአንድ ሌሊት ያበላሸዋል።

በየሁለት ቀኑ ከውሃው አንድ አሥረኛውን ቀይሩ፤ አዲሱ ሙቀቱ እኩል ይሁን። አንድ ነገር ልጨምር፦ ውሃው አሲዳማ ከሆነ ከጫጩቶቹ ወንዶቹ ይበዛሉ። ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) 7 አካባቢ ከጠበቃችሁ ሴቶችም በደንብ ይወጣሉ።

ወላጆቹ ልጆቻቸውን ማባረር ሲጀምሩና የእናቲቱ ሆድ እንደገና ሲቀላ፣ ያደጉትን ጫጩቶች ወደ ሌላ አኳሪየም አዛውሩ። ጀበናውን ግን ካለበት አትነቅንቁት።