የአንድ ጠጅ ጣይን ጠጅ እንዴት እንደሚለምዱትና መቼ እንደሚጠጡት

ጠጅ ቤት ገብቶ «ደረቅ አለ?» ማለት ቀላል ነው። ቤታቸው ጥለው ለጎረቤት በሃይላንድ ከሚሸጡ እናት ሲገዙ ግን ነገሩ ይለያል። ያው አንድ ጋን ዛሬ ጣፋጭ ለስላሳ፣ በሳምንቱ መካከለኛ፣ በወሩ ጣፋጩ ያለቀ ደረቅ ይሆናል። እኔ ዓመት ሙሉ «የዛሬው አልሆነልዎትም» እያልኩ ስነጫነጭ የነበርኩት ሙያቸው እየተለዋወጠ መስሎኝ ነው። የተለዋወጠው የምሄድበት ቀን ነበር።

መጀመሪያ ይጠይቁ። ማሩ የየት ነው? ስንት በስንት ተበረዘ? መቼ ተጣለ? ቡና እየጠጡ ከጠየቁ መልሱ አይከለከልም፣ ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ አይደል?

«እትዬ፣ ስንት በስንት በረዙት?»

«አንድ በሦስት ነዋ ልጄ። አንድ በአምስት የሚያደርግም አለ፤ እኔ እንግዳ ፊት ማፈር አልወድም።»

ይህች መልስ ብዙ ትናገራለች። ከማር ክብደት 80 በመቶ ያህሉ ስኳር ነው። አንድ ኪሎ ማር በ3 ሊትር ውሃ ተበርዞ ስኳሩ በሙሉ ወደ አልኮል ቢለወጥ ጥንካሬው 12 በመቶ አካባቢ ይደርሳል፤ በ5 ሊትር ከሆነ ግን 8 በመቶ ገደማ ላይ ይቆማል። ስለዚህ አንድ በሦስት የተጣለው ብዙ ቀን ይፈልጋል፣ ሲደርቅም ኃይለኛ ነው። አንድ በአምስቱ ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎም ያልፍበታል።

ሒሳቡ ሌላም ጥቅም አለው። ከአንድ ኪሎ ማር፣ አምቡላው (ከታች የሚዘቅጠው) ሲቀነስ፣ ቢበዛ 5 ሊትር ተኩል ጠጅ ቢወጣ ነው። ኪሎ ማር 600 ብር ነው እንበል፤ የማሩ ዋጋ ብቻ በሊትር ከ100 ብር በላይ ይመጣል። ከዚያ በታች የሚሸጥልዎት ካለ ስኳር ገብቶበታል ብዬ እጠረጥራለሁ። ቀለም አያታልልዎት፤ ቢጫነቱን ከማር ሌላ የሚሰጥ ነገር ሞልቷል።

ስለ ማሩም ትንሽ። ከአደይ አበባ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው የደጋ ማርና የደቡብ ምዕራብ የጫካ ማር አንድ ዓይነት ጠጅ አይሰጡም። የሚበላ ማር ሌላ፣ የጠጅ ማር ሌላ ነው። ሰፈፉ ያልተለየ ቀይ ማር ለዳቦ ባይመረጥም ጋን ውስጥ ሲገባ ጠረኑ አይጠፋም። ጣይዋ ማሩን ሲቀይሩ የለመዱት ጣዕም ይቀየራልና ይህንንም ይጠይቁ።

አሁን ወደ መግዛቱ። አንድ ትልቅ ዕቃ አይሙሉ። ግማሽ ሊትር የሚይዙ ሦስት ሃይላንዶች ይዘው ይሂዱ፤ ከአንድ ጋን፣ በአንድ ቀን ያስቀዱ። አንዱን ያኔውኑ ይቅመሱ፣ ሁለተኛውን ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሦስተኛውን ከአሥር ቀን በኋላ። የላስቲክ ሃይላንድ የምመርጥበት ምክንያት አለኝ። ጎኑን በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ጠጁ ገና እየፈላ ነው ማለት ነው፤ ክዳኑን ቀስ አድርገው አላልተው ያስተንፍሱት። ለሁለት ሦስት ቀን ሳይወጠር ለስለስ ብሎ ከቆየ ተረጋግቷል። ይህን ሳላውቅ አንድ የፋሲካ ዋዜማ በጠርሙስ ሞልቼ ግጥም አድርጌ ከደንኩት፤ ሌሊት ፈንድቶ የጎረቤቴን ውሻ ሳይቀር ቀሰቀሰ። ጠርሙስ የተረጋጋ ጠጅ ዕቃ ነው።

ሲቀምሱ ከግማሽ ብርሌ አያስበልጡ። ወደ መስኮት ከፍ አድርገው ይዩት። ድፍርስ መሆኑ ነውር የለበትም፣ እርሾው ነው፤ ዘንበል ሲያደርጉት ግን አምቡላ ከታች የሚንቀሳቀስ ከሆነ ገና ያልጠለለ ጉሽ ነውና ትንሽ ያቆዩት። ከዚያ አፍንጫዎን ወደ አንገቱ ያስጠጉ። ማር፣ ሰም፣ ጋኑ በወይራ ከታጠነ ደግሞ ስስ የጭስ ሽታ ያገኛሉ። አቼቶ አቼቶ የሚል ሽታ አፍንጫ ከወጋ ጊዜው እየሄደ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጣፋጩ ላይ ነው። ጠጅ የሚጣፍጠው በሁለት ምክንያት ነው፦ ገና ልጅ ስለሆነ ወይም ማሩ ስለበዛ። ልጁ ምላስ ላይ ይቆነጥጣል፣ አረፋ አለው፣ የጌሾው ምሬትም ለብቻው ተነጥሎ ይሰማል። ማር የበዛበትና የደረሰው ግን ዝም ብሎ ነው የሚወርደው፤ ምሬቱ መጨረሻ ላይ ጉሮሮ ጋ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያውን ይታገሱት። ሁለተኛውን ይጠጡት፣ ግን ይጠንቀቁ፤ ጣፋጭነቱ ጥንካሬውን ስለሚደብቅ እግር የሚይዘው ለመሄድ ሲነሱ ነው።

የቀመሱትን ይጻፉ። በስልክዎም ቢሆን፣ ሦስት መስመር ይበቃል፦ የተበረዘበት ቀን፣ የተቀመሰበት ቀን፣ አንድ ቃል። ወሩን አይርሱ፤ ጥር ላይ የወደድኩትን ዓይነት ሐምሌ ላይ ያገኘሁት አንድ ሳምንት ያህል ዘግይቶ ነው። ብርድ እርሾውን ያዘገየዋል። ቤት ስናቆየውም በዚሁ ዘዴ እንጠቀማለን፦ የወደዱት ቀን ላይ ሲደርስ ፍሪጅ ያስገቡት፣ ለመጠጣት 20 ደቂቃ ሲቀር ያውጡት። በጣም ከቀዘቀዘ ሽታው ይሞታል። የተጋመሰ ዕቃ አያቆዩ፤ የሚያኮመጥጠው አየሩ ነውና ወደ ትንሽ ዕቃ ይገልብጡት።

ከምግብ ጋር የራሴን ልንገርዎት። ለዶሮ ወጥ መካከለኛውን እመርጣለሁ፣ የቀረችው ጣፋጭነት በርበሬውን ታበርደዋለች። ለክትፎ ደረቁን፤ ቅቤውን ይቆርጠዋል። ለስላሳው ያለ ምግብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከወሬ ጋር።

ለበዓል ደግሞ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። በበዓል ሰሞን ሰልፉ ስለሚበዛ ብዙ ጠጅ ሳይደርስ ይቀዳል። የእትዬ ጠጅ ለእኔ የሚጥመኝ በ18ኛው ቀን አካባቢ መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ፣ ፋሲካ 20 ቀን ገደማ ሲቀረው ደውዬ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፦ «እትዬ፣ በረዙ ወይስ ገና?»