የድሮ ሊንጋላ ሙዚቃን መስማት ለምትጀምሩ

ብዙ ሰው የድሮ የኮንጎ ዘፈን ይከፍትና ሁለት ደቂቃ ሰምቶ «ቀዘቀዘብኝ» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው ደግሞ ወደ መሀል ይዘልና ጊታሩ የሚፈጥንበትን ቦታ ፈልጎ እሱን ብቻ ይሰማል። እባካችሁ እንደዚህ አታድርጉ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዝግ ያለ ሩምባ ይመጣል። ሁለት ሦስት ዘፋኞች ድምፃቸውን አስማምተው ታሪካቸውን ያወራሉ፤ ፍቅር፣ ክህደት፣ ገንዘብ፣ ሐሜት። ከዚያ ዘፋኞቹ ገለል ይሉና ጊታሮቹ ሜዳውን ይረከባሉ። ይህ ክፍል ሴቤን ይባላል፣ ተቀምጦ የነበረው ሁሉ ብድግ የሚለውም እዚህ ጋ ነው። ያንን ሁሉ ደቂቃ ጠብቃችሁ ስትደርሱበት የሚሰጣችሁን ስሜት ግን በአቋራጭ ሄዳችሁ አታገኙትም። ስለዚህ ሙዚቃ አንድ ነገር ብቻ ተናገር ብባል የምናገረው ይህንኑ ነው።

በፍራንኮ ጀምሩ። ፍራንኮ ሉዋምቦ ማኪያዲ ከጓደኞቹ ጋር ኦኬ ጃዝ የተባለውን ባንድ ያቋቋመው በ1956 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የጻፍኩት)። ያኔ የዛሬዋ ኪንሻሳ ሊዮፖልድቪል ትባል ነበር። በ1989 እስኪሞት ድረስም ከባንዱ አልተለየም። በ1985 ያወጣውን «ማሪዮ»ን ክፈቱ። 14 ደቂቃ ገደማ ነው፣ አትደንግጡ። በዕድሜ የምትበልጠው ሀብታም ሴት ላይ ተጠግቶ ስለሚኖር ወጣት ነው ዘፈኑ። ማዲሉ ሲስተም በዚያ በሚያባብል ድምፁ ያዜማል፣ ፍራንኮ ደግሞ ከዜማ ይልቅ ወደ ንግግር ባደላ ወፍራም ድምፅ ልጁን ይገስጸዋል። የዘፈኑን ቋንቋ ሊንጋላን ባትችሉም ቁጣው ይገባችኋል።

አሁን ወደ ጊታሩ እንምጣ፤ ጣዕሙ ያለው እዚህ ነው። በስልክ ስፒከር አትስሙ፣ ቤዙንና ኮንጋ የሚባለውን ከበሮ ይውጠዋል። ደህና ኢርፎን አድርጉና አንዱን ዘፈን ደጋግማችሁ ስሙት፣ በየዙሩ አንድ መሣሪያ ብቻ እየተከተላችሁ። መጀመሪያ ቤዙን። ቀጥሎ ሪትም ጊታሩን። ከዚያ ከላይ በቀጭኑ የሚሄደውን ሊድ። በመጨረሻ በሪትሙና በሊዱ መሀል አንዲት አጭር ሐረግ ሳይሰለች የሚደጋግም ሌላ ጊታር ታገኛላችሁ፣ ሚ-ሶሎ ይሉታል። በመጀመሪያው ዙር የአንድ ሰው እጅ መስሏችሁ የነበረው የሦስት ሰው ሥራ መሆኑን ያኔ ታያላችሁ። የሊድ ጊታር ውበት ብቻ ያማራችሁ ቀን ደግሞ ዶክተር ኒኮን ፈልጉ። የግራንድ ካሌ ባንድ የአፍሪካን ጃዝ ጊታሪስት ነበር። በ1960 የኮንጎ ነጻነት ድርድር ብራስልስ ላይ ሲካሄድ እዚያው ተገኝተው «ኢንዴፔንዳንስ ቻ ቻ»ን የተጫወቱት እነሱ ናቸው። ሙሉ አፍሪካ አብሮ ዘፍኖታል።

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ አንድ ነገር ልብ በሉ። በትናንሽ ሸክላ የወጡ ብዙ ዘፈኖች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሹ በአንዱ ገጽ ግማሹ በጀርባው ነበር የሚቀዱት። ስለዚህ ገና ሊሞቅ ሲል ሦስት አራት ደቂቃ ላይ ድንገት ቀጥ ካለባችሁ ክፍል 1 ብቻ ነው የደረሳችሁ። ክፍል 2ን ፈልጉ፣ ሴቤኑ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው።

ከፍራንኮ ቀጥሎ ታቡ ሌይ ሮሸሮ ይሁን። በ1970 ፓሪስ ኦሊምፒያ መድረክ ላይ የዘፈነ፣ ድምፁ ማር የሆነ ሰው ነው። ከእሱ ጋር ምቢሊያ ቤልን ስሙ፤ በ1980ዎቹ ከወንዶቹ መሀል ወጥታ ሁሉንም ያስከነዳች ሴት ናት። ናይሮቢ የኖረ ሐበሻ ደግሞ ሱፐር ማዜምቤንና የሳምባ ማፓንጋላን ቪሩንጋ ሳያውቃቸው አይቀርም፣ ከኮንጎ ሄደው ኬንያ ላይ የከተሙ ሙዚቀኞች ናቸው። ለጀማሪ እነሱም ቀለል ይላሉ።

በ1969 መጨረሻ የተቋቋሙት ዛይኮ ላንጋ ላንጋ ሲመጡ ነገሩ ተቀየረ። ወጣቶች ነበሩ፣ ትራምፔትና ሳክስፎኑን ትተው ጊታርና ድራም ላይ አተኮሩ። ፓፓ ዌምባ የወጣው ከዚያ ነው። በኋላ ደግሞ በሴቤኑ ላይ እየጮኸ ጨፋሪውን የሚያሟሙቅ ሰው ጨመሩ፣ አታላኩ ይባላል።

ስትጨፍሩ ትከሻችሁን እርሱት። እኛ እስክስታ ለምዶብን ከበሮ ስንሰማ ትከሻችን ይቀድማል፣ እዚህ ግን ሥራው የወገብ ነው። ጉልበት ትንሽ ይታጠፍ፣ እግር ከመሬት ብዙ አይነሳ። ክዋሳ ክዋሳ ለሚባለው ጭፈራ ወገባችሁን ወደፊትና ወደኋላ ውሰዱት፣ እጃችሁም ወገባችሁን ይከተል። አትቸኩሉ። ጊታሩ ቢፈጥንም ሰውነታችሁ የሚሄደው በቤዙ ነው።

ቤት ውስጥ ድግስ ካላችሁ ሰው እየገባ፣ እየበላ ሳለ ፍራንኮንና ታቡ ሌይን በቀስታ ክፈቱ። ሳህን ሲነሳ ዛይኮ ይግባ። ካንዳ ቦንጎ ማንን ለመጨረሻ አቆዩት፤ እሱ በ1980ዎቹ ፓሪስ ሆኖ ዝግ ያለውን ክፍል ቆራርጦ ቶሎ ወደ ሴቤኑ የሚገባ ነው፣ ጊታሩን ደግሞ ዲብሎ ዲባላ ያንበለብለዋል። መጀመሪያ ላይ ከከፈታችሁት ከዚያ በኋላ ሌላ የምታስከትሉት አይኖራችሁም።