የዝላይ ፍጥነቱ ከቦታ ቦታ ሲለያይ፦ ሞዴሉን የሚያበላሹ ስህተቶች

ቅንጣቶች በተደረደሩ ቦታዎች ላይ ወደ ቀኝ ብቻ ይዘላሉ እንበል። አንድ ቦታ ከአንድ ቅንጣት በላይ አይይዝም። ታሴፕ የሚባለው ይህ ሞዴል በ1968 የቀረበው ራይቦዞሞች (ፕሮቲን የሚሠሩ የሕዋስ ክፍሎች) በኤም አር ኤን ኤ (የፕሮቲኑን መመሪያ በያዘው ሞለኪውል) ላይ የሚያደርጉትን ጉዞ ለማስረዳት ነው። ፍጥነቱ በየቦታው ሲለያይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል።

ፍጥነቶችን ደምሮ ማካፈል። ከሁሉም የሚጎዳው ይኼ ነው። ግማሾቹ ቦታዎች ፍጥነታቸው 1፣ ግማሾቹ 0.1 ቢሆን ተራው አማካይ 0.55 ይሆናል። ብቻውን የሚጓዝ ቅንጣት ግን የሚሄደው በ0.18 ገደማ ነው። መደመር ያለበት በየቦታው የሚቆይበት ጊዜ ነዋ! ጊዜውን የሚበሉት ደግሞ ቀርፋፋዎቹ ናቸው። ስለዚህ የ1/ፍጥነትን አማካይ አስሉ፤ ከዚያ 1ን ለእሱ አካፍሉ።

ያንኑ አማካይ ለተጨናነቀ መስመር መጠቀም። ቅንጣቶች መንገድ ሲዘጋጉ ይህም አማካይ አያድንም። ፍሰቱን (በአንድ የጊዜ አሃድ አንድን ቦታ የሚያልፉ ቅንጣቶችን ብዛት) የሚወስነው ማነቆው፣ ማለትም ቀርፋፋው ቦታ ነው። ሁሉም ፍጥነቶች 1 ሲሆኑ በረጅም መስመር ከፍተኛው ፍሰት 0.25 ነው። አንዲት ቦታ ብቻ ወደ 0.5 ብትወርድ፣ ቀላሉ ግምት እንኳ 0.22 ይሰጣል። ከኋላዋ ቅንጣቶች ይጠራቀማሉ፣ ከፊቷ ይሳሳሉ። የሺህ ቦታዎች አማካይ ግን እሷን ከነጭራሹ አያያትም። የማነቆው ፍጥነት የሚቀንሰው በጣም በትንሹ ቢሆንስ? ሲሙሌሽን ብቻውን ለመወሰን ሲቸገር ቆይቷል፤ የትኛውም መቀነስ ፍሰቱን እንደሚነካ የሚያሳይ የሒሳብ ማረጋገጫ በ2014 ቀረበ።

ቅደም ተከተሉን መርሳት። ሁለት ቀርፋፋ ቦታዎች ጎን ለጎን ሲሆኑ ተራርቀው ከሚያደርሱት የባሰ ይገታሉ። ስለዚህ የፍጥነቶቹን ስርጭት ማወቅ አይበቃም፤ አደራደራቸውም ያስፈልጋል።

የቅንጣቱን ስፋት እንደ አንድ ቦታ መቁጠር። ራይቦዞም 10 ኮዶን ገደማ ይሸፍናል፤ ኮዶን በኤም አር ኤን ኤ ላይ ያለ አንድ ቦታ ነው። ይህ ሲገባ ከፍተኛው ፍሰት ከ0.25 ወደ 0.058 ይወርዳል። ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ሰዓቱን ማበላሸት። በጊሌስፒ ዘዴ (ዝላዮችን አንድ በአንድ በዕጣ እየመረጠ በሚያስመስል የሲሙሌሽን ስልት) ቀጣዩ ዝላይ የሚመረጠው እንደየፍጥነቱ ነው። የሚጨመረው ጊዜ ደግሞ በዚያ ቅጽበት ሊሆኑ የሚችሉ ዝላዮች ሁሉ ፍጥነት ድምር ላይ ይመሠረታል። በየዝላዩ እኩል ጊዜ ከጨመራችሁ የፍሰቱ ቁጥር አይታመንም።

ኮዱን ሳይፈትኑ መጀመር። ሁሉንም ፍጥነት 1 አድርጉ። 100 ቦታ ያለው ቀለበት ላይ 50 ቅንጣት አስቀምጡ። በረጅም ጊዜ አማካይ ፍሰቱ 0.2525 አካባቢ ካልመጣ፣ ወደተለያዩ ፍጥነቶች አትለፉ።