አኩሪ አተርህን በኅዳር አታራግፍ

በቆሎ የዘራ ሰው ዋጋ ሲወርድበት ቢያንስ ቤቱ ይበላዋል። አኩሪ አተር ግን እንደዛ አይደለም። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ፓዌ አካባቢ ብትሄድ ቤቱ እስከ ጣሪያ ጆንያ የተደረደረበት ገበሬ፣ ለእራት የሚሆን በቆሎ ገበያ ወጥቶ ሲሸምት ታገኘዋለህ። እህሉ የሚሄደው ለዘይት፣ ለዶሮ መኖ ወይም ወደ ውጭ አገር ነው። ስለዚህ ገበሬው የሚከስረው ማሳው ላይ ብቻ አይደለም፤ ካጨደ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታትም ነው። እኔም ያደግኩት እዛው ስለሆነ ያየሁትን ልንገርህ።

ከመዝራትህ በፊት ደብተር ግዛ። ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የአረም ጉልበት፣ የበሬ ኪራይ፣ ጆንያ፣ ሁሉንም ጻፍ። የሚስትህንና የልጆችህን ጉልበትም ቁጠር፣ እሱን ማንም አይቆጥረውም። ድምሩን ለምታገኘው ኩንታል አካፍለው። አንድ ኩንታል ስንት እንደወጣበት ካላወቅክ ነጋዴው «ጥሩ ዋጋ ነው» ሲልህ መልስ የለህም።

ወጪ የሚቀንስልህ አንድ ነገር ህያው ማዳበሪያ፣ ማለትም ከዘሩ ጋር የሚለወስ ባክቴሪያ ነው። አኩሪ አተር ናይትሮጂኑን ከአየር የሚወስድለት ባክቴሪያ ሥሩ ላይ ከያዘ ብዙ ዩሪያ አይፈልግም። ስትገዛ የሚያበቃበትን ቀን እይ። ዘሩን ጥላ ሥር ሆነህ ለውስና በዚያው ቀን ዝራው፣ ፀሐይ ከነካው ባክቴሪያው ይሞታል። ሲያብብ ሁለት ሦስት እግር ከነሥሩ ነቅለህ እየው። ሥሩ ላይ ያለውን እብጠት በጥፍርህ ስትከፍለው ውስጡ ቀላ ካለ ሠርቷል።

አጨዳውን አታዘግየው፣ ከደረቀ በኋላ ቆባው እየፈነዳ መሬት ላይ ይቀርብሃል። ውቂያውን ሸራ ላይ አድርገው። አፈርና ጠጠር የተቀላቀለበት እህል ዋጋ ሲቆረጥበት ጭቅጭቅም አያዋጣም። መድረቁን ለማወቅ በጥርስህ ንከሰው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል፣ ጥርስህ ከሰመጠበት ገና ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኅዳር ላይ ሁሉም ሰው እኩል ይሸጣል፣ ምክንያቱም የማዳበሪያ ብድር፣ የልጅ ደብተርና ልብስ፣ ከነጋዴው በክረምት የተወሰደ ገንዘብ ሁሉም በአንድ ላይ ይመጣል። ነጋዴውም ይህን ከአንተ በላይ ያውቃል። ለዚህ ነው «ሁሉንም አስቀምጥ» የሚለው ምክር እዳ ላለበት ሰው ቀልድ የሚሆነው። እዳህን የሚከፍለውን ያህል ኩንታል ብቻ ሽጥ፣ ሌላውን ከግድግዳ አርቀህ ርብራብ ላይ ደርድረው። ዋጋው ይጨምራል ብዬ አልምልልህም። ግን ቢያንስ ተጨንቀህ አትሸጥም። ክረምት ላይ በእርሻው ምርት ተማምነህ ከነጋዴ ብር መውሰድ ግን ተው፣ ያኔ ዋጋውን ገና ሳትዘራ ሸጠኸዋል።

ከመሸጥህ በፊት ቢያንስ ሦስት ቦታ ጠይቅ። አኩሪ አተር በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ስለሚገበያይ የዚያንም ዋጋ አጣራና የትራንስፖርቱን ቀንስ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ከጎረቤቶችህ ጋር ሆናችሁ አንድ አይሱዙ መከራየት ያዋጣ እንደሆነ አስሉ። ማኅበር ካለ ደግሞ ስንት ትከፍላላችሁ ብቻ ሳይሆን መቼ ትከፍላላችሁ ብለህ ጠይቅ።

ሚዛኑንስ? አጎቴ ጤና ጣቢያ ተመዝኖ 61 ኪሎ ወጣ። ከሰዓት እህሉን ይዞ ሄዶ በነጋዴው ሚዛን ላይ መጀመሪያ ራሱ ቢወጣ 57። «አኩሪ አተር መሸጥ ያከሳል እንዴ?» አለው። ሰውዬው ስቆ ሚዛኑን አስተካከለ። አንተም ሞክረው፣ ነጻ ነው።

ለዘር የሚሆነውን ግን ቀድመህ ለይ። አኩሪ አተር ሲቆይ የመብቀል አቅሙ ቶሎ ይወርዳል። ግንቦት ላይ 100 ፍሬ ቆጥረህ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ከሳምንት በኋላ ክፈተው። ግማሹ ብቻ ከበቀለ ለዘር የለየኸውን ሽጠውና ሌላ ዘር ፈልግ።